ለባዳ ብቻ የሚጠረግ ጎተራ

የቅሬያችን ዳኛ አቶ ይመር፣ የሰይድ ሙሔ ለቅሶ ላይ ቆመው በሕይወት ያለ ሰው ቀበሩ። ለምርቃት ሲነሱ ከጆሯቸው ጀርባ ያለው አስታዋሽ ዝም አለባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሕዝቡ ጠበቀ። ደግመው ጠረጉ፤ ሕዝቡ ዓይኑን ተከለባቸው። መላ ሲያጡ፣ ድንኳኑ በር ላይ ሰላምታ ሲለዋወጡ አስታዋሹ የነገራቸውን የመጨረሻ ስም ይዘው፣ «ወንድማችንን እንድሪስን አላህ ይማረው፤ ደግ ጎረቤት ነበር» አሉ። እንድሪስ ከፊታቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል። «አሚን» አለ እሱም፣ «ግን እኔ ገና ምሳዬን አልበላሁም።»

ለቅሶ ቤት ተሳቀ። የሟች ሚስት እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለ ቅሬ ሁሉ ወሬውን ሳይመሽ ሰማው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት። የሰው ለቅሶ ቀርቶ የታማ ብዙ ነው፤ ሰው ሳይሞት ቀብሮ የታማ ዳኛ ግን ከአቶ ይመር በፊት አልነበረም።

በእኛ ዘመን ስም አለመያዝ አያሳፍርም። ሰው ጠዋት ፊቱን ይታጠብና አስታዋሹን ከጆሮው ጀርባ ይለጥፋል። ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ያደረ እንደሆነ ያኔ ይነገረዋል፤ የተኳረፉበትንም ነገር አብሮ ይሰማል። እሑድ እሑድ አስታዋሹ በባለቤቱ ድምፅ ለዘመድ አዝማድ ሰላምታ ይልካል። የዘመድ አዝማዱ አስታዋሽም በየባለቤቱ ድምፅ «ተመስገን፣ እናንተስ?» እያለ ይመልሳል። በዚያ ሰዓት ሰዎቹ ሁሉ ተኝተው ሊሆን ይችላል። በዚህ የሚያፍር የለም። የሚያሳፍረው ለቅሶ ላይ መንተባተብ ነው።

የአንድ ሰው አስታዋሽ ግን ትንሽ ነው። ለአዘቦት ቀን ይበቃል እንጂ መንደር ሙሉ ሰው ሲሰበሰብ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ ለየትኛው ሐዘንተኛ ምን እንደሚባል ለመያዝ ቦታ ያጥረዋል። ያኔ ከጎተራው አንድ የማስታወሻ ክፍል ይበደራል። ድሮ ቅሬ የሚባል ነገር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ነበረው። የእኛም አለው። ከእነዚያ ሌላ አሮጌው ወፍጮ ቤት ውስጥ አባላቱ ሁሉ የሚጠቀሙበት አንድ የጋራ ማኅደረ ትውስታ አቁሟል። ባለሙያዎቹ ረጅም ስም አላቸው፤ እኛ ጎተራ እንለዋለን።

ጠባቂዋ ዘምዘም ይማም ናት። ቀን ቀን የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ትጠግናለች፤ ከዚያ በተረፋት ጊዜ የጎተራውን አሠራር ታስተካክላለች። ቁጥብ ሴት ናት። ሲያመሰግኗት አንገቷን ትሰብራለች፣ ምስጋናው ሲጎድልባት ግን ያማታል። ይህን ጠባይዋን ሁላችንም እናውቅባታለን፤ እሷ የምናውቅባት አይመስላትም።

አቶ ይመር በማግስቱ ወፍጮ ቤት ድረስ መጡ። ወንበር ብትስብላቸውም አልተቀመጡም።

«ምነው ዘምዘም? በሽምግልናዬ የሕዝብ መሳቂያ ታደርጊኝ?»

«ጎተራው እየጠረገ ነበር ጋሼ።»

«ምኑን ነው የሚጠርገው?»

«ሰው ሲጨርስ የተበደረውን ክፍል ይመልሳል። ጎተራው ለሌላ ከመስጠቱ በፊት ውስጡ የቀረውን ሁሉ ያጠፋል። ለቅሶ ላይ ደግሞ ሰዉ ባንዴ ይገባል፣ ባንዴ ይወጣል። እርስዎ ሲነሱ ክፍልዎ ገና እየተጠረገ ነበር።»

«ባይጠረግስ ምን ይሆናል?»

«የበፊተኛው ሰው ትራፊ ውስጡ ይቀራል።»

«የበፊተኛው ሰው ማነው? እንድሪስ ነው? ሙሉነሽ ናት?» አቶ ይመር አሁን ከልባቸው ተቆጡ። «እኛ ባንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች አይደለንም እንዴ? እህትሽ የበላችበትን ሳህን አጥበሽ ነው የምትቆርሺበት? መጥረግ ለባዳ ነው ልጄ። ቅሬ ውስጥ ባዳ የለም።»

ቁጣቸው ለሌላ አገር ሰው ግር ይለው ይሆናል። በእኛ ሰፈር መሀል ማዕድ ላይ ለዘመድ ሳህን መለወጥ «ተጸየፍኩህ» ማለት ነው። በዚህ ተቀያይመው በሽማግሌ የታረቁ ወንድማማቾች አሉ። ዘምዘምም እዚሁ ያደገች ናት፤ የአቶ ይመር አነጋገር አሳፈራት። የሰፈሩን ሰው ሳህን በየጉርሻው ስትለውጥበት የኖረች መሰላት።

«ትራፊው እኮ የሰው ሚስጥር ሊሆን ይችላል» አለች ቀስ ብላ።

«የቅሬ ሰው ምን ሚስጥር አለው? ሲወለድ እልል ብለንለታል፣ ሲሞት እንቀብረዋለን።»

ዘምዘም በዚያው ማታ የጎተራውን አሠራር ከፈተች።

ክፍል የሚያድለውና የሚረከበው የጎተራው አስኳል ነው፤ ልማዱን መለወጥ ይቻላል። ክፍሉ በተመለሰ ቁጥር ሊጠርግ ይችላል፤ ሊሰጥ ሲል ሊጠርግ ይችላል፤ ሥራ ሲፈታ ቀስ እያለ ሊጠርግም ይችላል። ዘምዘም የራሷን ጨመረችበት። የቅሬ አባል የመለሰው ክፍል ለቅሬ አባል እንዳለ ይሰጥ፤ ለባዳ ሲሆን ብቻ ተጠርጎ ይሰጥ፤ የቀረው ክፍል ደግሞ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲበተን ይጠረግ። ጤነኛ አስታዋሽ የተበደረውን ክፍል መጀመሪያ በራሱ ነገር ይሞላዋል፣ ከዚያ ያነባል፤ ስለዚህ የሰው ትራፊ አይደርስበትም ብላ ራሷን አሳመነች። ጤነኛ ያልሆነ አስታዋሽ እንዳለ ታውቃለች። እጇ ግን ያውቅ የነበረውን ትቶ የታዘዘውን ሠራ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ለቅሶዎች እንደ ውሃ ፈሰሱ። ሰው ድንኳን ውስጥ እግሩ ሳይገባ ስሙም፣ ዝምድናውም፣ የሚባለውም ጆሮው ላይ ይደርሳል። አቶ ይመር ሲመርቁ አንዲት ቃል አትስታቸውም። እንባው በወቅቱ ይመጣል፣ በወቅቱ ይቆማል። «የዘምዘም እጅ ይባረክ» ተባለ። ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት ወንበር ጫፍ ላይ ቦታ ሰጧት፤ አልቀመጥም ብላ ስታበቃ ተቀመጠች።

ጋሽ ደምለው የሞቱት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ጋሽ ደምለው ለዘምዘም ማን እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል። ቦርከና ሞልቶ የፈሰሰ ጊዜ አባትና እናቷን ወሰደባት። ጋሽ ደምለው ከአባቷ ጋር አንድ ጋራዥ ይሠሩ ነበር፤ ልጅቷን ይዘዋት ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እስክትይዝ አሳደጓት። ዘምዘምም ይህን ታውቃለች፣ ግን እንደማንኛችንም የምታውቀው አስታዋሹ ሲነግራት ነው። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግራ ከቤታቸው ደጃፍ የቆመችበትን ቀን አታውቀውም። አስታዋሹ እሑድ እሑድ በድምፅዋ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላቸዋል። እነሱ ቤት አስታዋሽ አልነበረም፤ እትዬ የሺመቤት ስልኩን አንስተው በገዛ አፋቸው ይመልሱ ነበር። ረጅም መልስ ነው የሚመልሱት። ዘምዘም አዳምጣው አታውቅም።

መርዶውን አስታዋሿ የነገራት ጎንበስ ብላ ብሎን ስታጠብቅ ነው። «ዘምዘም፣ ደምለው አርፈዋል። አሳድገውሻል። ጥቁር ልበሺ። ከአጥሩ በር ጀምሮ አልቅሺ።» ብሎኑን አጥብቃ ጨረሰች። ከዚያ፣ እንዳልደነገጠች ታወቃት። በዚያ ደነገጠች።

ከአጥሩ በር ጀምራ እያለቀሰች ገባች። ድንኳኑ ሞልቷል። እትዬ የሺመቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ከደሴ የመጣው ልጃቸው፣ እናቱ የመጣውን ሰው እንዲለዩ ብሎ የራሱን አሮጌ አስታዋሽ ጆሯቸው ላይ ለጥፎላቸዋል። እሳቸው የቅሬው አባል ናቸውና ጎተራው ክፍል አበደራቸው፣ ያልተጠረገ ክፍል። አሮጌው አስታዋሽ ደግሞ የተሰጠውን ሳይሞላ ማንበብ የሚጀምር ችኩል ነበር።

ወይዘሮ ሙሉነሽ እግራቸው ሥር ተንበርክካ፣ «ወይኔ ጋሽዬ! ወይኔ መከታዬ!» እያለች ታለቅሳለች። እትዬ የሺመቤት ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት።

«በቃ ተነሺ ሙሉነሽ። ማዶ ሌላ ለቅሶ አለብሽ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ሙሉነሽ ለቅሶዋን ግማሹ ላይ አቆመችው። እውነትም ማዶ ሌላ ለቅሶ ነበረባት፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ቀጥሎ እንድሪስ ገባ። «እግዜር ያጽናዎት እትዬ። ጋሼ ለእኔ እንደ አባት…»

«ከደምለው የተዋስከውን መሰርሰሪያ ነገር እንዳታነሳ ተብለሃል አይደል?» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። «እኔም አላነሳውም። እቤትህ ይቅር፣ ሥራበት።»

እንድሪስ ቀልደኛ ነው፤ ቀልድ ጠፋው። አቶ ይመር ነገሩን ለማብረድ ተነስተው፣ «የሺመቤት፣ ደምለው እኮ ደግ ጎረቤት…» ሲሉ ሴትዮዋ ቀና አሉ።

«ይመር፣ ያቺን ለሰይድም ብለሃታል። ለደምለው ሌላ ፈልግለት።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሐዘኑ አናወዛቸው ተባለ። ውሃ ይምጣላቸው፣ አየር ይግባላቸው ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሁላችንም የየራሳችን ጓዳ እየተነበበ መሆኑን ሳናውቅ ለእሳቸው አዘንን። ያወቀች ዘምዘም ብቻ ናት። ማንም ያላያት መስሏት በድንኳኑ ጀርባ ወጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች።

መንገድ ላይ ያሰበችው የሙሉነሽን እፍረት አልነበረም፣ የእንድሪስንም አልነበረም። «የኔ ደርሷቸው ይሆን?» የሚል ነበር።

ወፍጮ ቤት ገብታ የራሷን ትራፊ ፈለገች። አለ። ከድንኳኑ ስትወጣ የመለሰችው ክፍል ገና ለማንም አልተሰጠም፤ ተራውን ይጠብቃል። አነበበችው። «ዘምዘም፣ ደምለው አርፈዋል። አሳድገውሻል።» ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «ሚስታቸው የሺመቤት ትባላለች። እትዬ በያት። ከጠየቀችሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው በዪ።» ከዚያም፣ «የእሑድ ሰላምታሽ በድምፅሽ ተልኳል። የላኩትን መልስ ማዳመጥ አያስፈልግሽም።»

ይህን ሁሉ ሰምታው ታውቃለች፤ ስትሰማው ግን በጆሮዋ ገብቶ ነው የሚያልፈው። ተጽፎ ስታየው ፊቷ ነደደ። ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ሆና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

አቶ ይመር ደወሉ። መውጣቷን አይተው ኖሯል።

«እዛው ነሽ?»

«ሁሉንም ልጠርገው ነው ጋሼ። እትዬ የሁላችንንም ይሰማሉ።»

«እንዳትነኪው!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ሬሳው ሊወጣ ነው። መጥረግ ስትጀምሪ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አፉን ከፍቶ ሊሄድ ነው? እኔ ምን ልበል? እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ ስለ ደምለው ምን ልበል?»

እሷም ስለ ደምለው ምን እንደሚባል አታውቅም።

«ከቀብር በኋላ» አሉ አቶ ይመር። «እስከዚያ ሴትዮዋ ብትሰማ ምን ትሆናለች? ዘመድ ናት።»

ፊቷ ያለው ሥራ ቀላል ነበር። አንድ ትእዛዝ ብትሰጥ ሁሉም ይጠረጋል፤ ያቺ ባልቴትም ባሏን በሰላም ትቀብራለች። ሌላ ትእዛዝ ብትሰጥ የራሷ ብቻ ይጠረጋል። ዘምዘም የራሷን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ የምትበደረውም ገና ስትመልሰው እንዲጠረግ አደረገች፣ የእሷ ብቻ። የሌላውን እንደነበረ ተወችው። እሳት ከያዘው፣ ሰው ከሞላው ድንኳን ውስጥ የራሷን ልጅ ብቻ አውጥታ በሩን የዘጋች ያህል እያፈረች፣ እፎይ አለች። ሁለቱም ስሜት አብሮ መኖሩ ገረማት።

ከቀብር መልስ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ እንደገና ተሰበሰበ። «ዘምዘም የታለች?» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«አለሁ እትዬ።»

«ነይ። አጠገቤ።»

ሄዳ ተቀመጠች። ሴትዮዋ አስታዋሹን ከጆሯቸው ላይ ነቅለው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ሲያወራኝ ዋለ» አሉ። የሚናገሩት ለእሷ ቢሆንም ድንኳኑ በሙሉ ይሰማል። «መጀመሪያ የኔ መስሎኝ ነበር። ለካ የሰው ነው። ማን አልቅስ እንደተባለ፣ ማን ቶሎ ውጣ እንደተባለ፣ ደምለውን ማን በስሙ እንኳ እንደማያውቀው፣ አንድ በአንድ ነገረኝ። አልተቀየምኩም። ሰው ይረሳል፤ ደግሞም መጥታችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለን ሁሉ አሁን ገባን። ሙሉነሽ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበችው። እንድሪስ መሬት መሬት አየ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ የእሳቸው ፊት ግን እሳት አልነበረውም፣ ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

«ያንቺን ግን ስጠብቅ ዋልኩ» አሉ የዘምዘምን እጅ ይዘው። «ጠዋት ያንቺን ለቅሶ ከበሩ ስሰማ፣ እስቲ የኔ ልጅ ደግሞ ምን ትባል ይሆን አልኩ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ቀብር ላይም ጠበቅኩ። አንዲት ቃል የለም! የሁሉም ሲመጣ ያንቺ የለም።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሳትነገር ያለቀሰች እሷ ብቻ ናት።»

አቶ ይመር ቀና ብለው ዘምዘምን አዩዋት። ገብቷቸዋል። እሷም እንደገባቸው አየች። አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ መልሰው ገጠሙት። የእሳቸውም እጅ አለበትና።

«እትዬ፣ እኔ…» አለች ዘምዘም።

«ቆዪ» አሉ። እጃቸው ወደ ዘምዘም ጆሮ ጀርባ ሄዶ አስታዋሹን ፈልጎ አገኘው፣ ነቀለውም። «ላንቺ ይሄ ምን ያደርግልሻል? እስቲ ድስቱን ንገሪያቸው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዘምዘም ዞረ።

ዘምዘም ፈለገች። ቤት ፈለገች፣ ጓዳ ፈለገች፣ ድስት የያዘ ሰው ፈለገች። የጋሽ ደምለውን ፊት ለማምጣት ሞከረች፤ ጠዋት ሬሳ ሣጥኑ ላይ የቆመው ፎቶግራፍ ብቻ መጣላት። የኖረችበት ቤት ውስጥ አንዲት ትራፊ እንኳ አልተገኘም።

«የቱን…» አለች፣ ድምፅዋ ሳይወጣ።

«አላስቻላትም» አሉ እትዬ የሺመቤት ለሰዉ። «እኔ ልንገራችሁ። ወደኛ የመጣች ሰሞን የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ብላ ጾሟን አደረች። ይችን የምታህል ልጅ! ደምለው በማግስቱ ተነስቶ እስላም ሥጋ ቤት ሄደ። ድስትም ለብቻዋ ገዛ፣ ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰረበት። ከኛ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ውጭ ያስቀምጠዋል። እኔን እንኳ አያስነካኝም፤ ራሱ ነው የሚያጥበው፣ በባልዲ፣ ግቢው መሀል። ጎረቤት ወንድ ልጅ ድስት ያጥባል እያለ ይስቅበታል። እሱ ምን ይላል? 'አባቷ አደራ ሰጥቶኛል፤ የአባቷን ሃይማኖት በኔ ቤት አላቆሽሽም' ይላል። ሥራ ይዛ እስከወጣችበት ቀን አጠበው።»

አቶ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዘምዘምም እንደ እነሱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው ሰማችው። ስለ አንዲት የሌላ ሰው ልጅ የሚወራ ደግ ወሬ ነበር። በልጅቷ ቀናች።

ከዚያ አለቀሰች። ማንም አልነገራትም፤ አስታዋሹ በሴትዮዋ መዳፍ ላይ ነው። ከሆዷ የወጣ፣ ማማሩን ያልጠበቀ፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ለቅሶ ነበር። በሐዘን አልነበረም። በእፍረት ነበር፣ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ በእፍረት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ምን ነበረበት። «እትዬ፣ እኔም እኮ እንደ ሌሎቹ ነኝ» ልትል ሞከረች፤ ለቅሶው ቃሉን በላው።

«አብሽሪ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ራሷን ደረታቸው ላይ አስደግፈው። አላወቁም።

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ለቅሶ ማለት እንዲህ ነው» ሲል ተሰማ። ሌላውም፣ «እውነት ነው፣ ይሄ ነው ለቅሶ» አለ። ሰዉ አብሯት አለቀሰ። ጥሩ ቀን ዋለ ተባለ።

በማግስቱ ዘምዘም ጎተራውን ወደ ድሮው መለሰችው፤ ማንኛውም ክፍል፣ የማንም ይሁን፣ እንደተመለሰ ይጠረጋል። አቶ ይመር አልተከራከሯትም። ነገር ግን ለቅሶ ላይ እንደገና መንተባተብ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ መላ ፈለጉ። የተገኘው መላ ብልሃት ያለው ነው፣ ይህን ልንክድ አንችልም። ሁሉም የሚያነበው፣ ማንም የማይጽፍበት አንድ የጋራ ክፍል ይሁን፤ የማንም ሚስጥር ስለሌለበት መጥረግ አያሻውም። የሚባለው ነገር ለሁሉም አንድ ይሁን። ለቅሶውስ? ለቅሶው ተገኝቷል። በዚያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበረ አስታዋሽ ሁሉ የዘምዘምን ለቅሶ ቀርጾት ነበር። የትንፋሹ ማጠር፣ የድምፁ መሰበር፣ ሁሉም አለ። «ይሄን አስገቢልን» አሏት። እንቢ ብትል ምክንያቱን መናገር ነበረባት። መናገር አልቻለችም። አስገባችው።

እሑድ እሑድ በእግሯ ድልድዩን ትሻገር ጀመር። እትዬ የሺመቤት ያወራሉ፣ እሷ ትሰማለች። ጋሽ ደምለው እንዴት እንደሚስቁ፣ ትምህርት ቤት ሊወስዷት በብስክሌት እንዴት እንደሚያፈናጥጧት፣ እሷ ምን ብላ እንደመለሰችላቸው። «ትዝ ይልሻል?» ይሏታል። «ይለኛል» ትላለች። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብላ እየወጣች፣ የሚቀጥለው እሑድ እያለች ትመለሳለች። ዳቦ ይዛ ትሄዳለች፣ ዓይናቸውን ታጥብላቸዋለች፣ ቀስ በቀስም የሴትዮዋን ሳቅና የጉልበታቸውን ሕመም፣ የሚወዱትንና የማይወዱትን ያለ አስታዋሽ ያዘች። እውነቱን ግን አልነገረቻቸውም።

እትዬ የሺመቤት ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ዘምዘም ድንኳኑ በር ላይ ደረሰች። የነገረቻቸውና ያልነገረቻቸው ሁሉ ደረቷ ላይ ተቆልሏል፤ እንባ ግን እንቢ አላት። ውስጥ ድንኳን ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ ያለቅሳል፣ ትንፋሹ እኩል ያጥራል፣ ድምፁ እኩል ይሰበራል። ገብታ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። አስታዋሿ እንደ ሁሉም ሰው በጆሮዋ ነገራት።

«እንደ ዘምዘም አልቅሺ።»

ሞከረች። ከጎኗ የነበሩት ሴቶች ከእሷ አስበልጠው አለቀሱት።